ኮሪደር ላይ የሚቆም ኦክስጅንና የዋርድ እሳት ማጥፊያ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ 24 አልጋ የውስጥ ደዌ ዋርድ ነው። ባለ 40 ሊትር የኦክስጅን ሲሊንደር ስድስት ኮሪደሩ ጫፍ፣ መውጫው በር ጥግ ይቆማል። ባለ 6 ኪሎ የዱቄት ማጥፊያ ሁለት አለን። ይበቃል? ሲሊንደሮቹስ የት ይሂዱ?

መልስ 1፦ ማጥፊያን በርቀት እንጂ በብዛት አትመዝኑት። በአሜሪካው የእሳት መከላከያ ማኅበር (ኤንኤፍፒኤ) የማጥፊያ ደረጃ፣ ኤንኤፍፒኤ 10፣ ለተራ ተቀጣጣይ ነገር እስከ ማጥፊያው በእግር የሚኬደው መንገድ ከ23 ሜትር አይበልጥም፤ በሩንና ጥጉን ዞራችሁ ለኩ። ሲሊንደሩ ነው የሚያሳስበው። አንዱ በ150 ባር ሲሞላ 6 ሜትር ኩብ ጋዝ ይይዛል፤ ስድስቱ 36 መሆናቸው ነው። የዚሁ ማኅበር የጤና ተቋማት ደረጃ፣ ኤንኤፍፒኤ 99፣ በአንድ የጭስ መከላከያ ክልል (ጭስ በማያሳልፍ ግድግዳና በር በተከለለ የፎቅ ክፍል) ልዩ ማከማቻ ሳይኖር የሚታገሠው እስከ 8.5 ሜትር ኩብ ነው። ታካሚ ላይ የተገጠመው እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ሌላው ከማይቃጠል ነገር የተሠራ፣ የሚቆለፍ ክፍል ይግባ፤ በሰንሰለት ይታሰር፤ ባዶው ከሙሉው ይለይ። ካርቶንና አንሶላ እዚያ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፣ ግን ክልክል ነው።

መልስ 2፦ ከላይ ባለው ላይ ልጨምር። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ ሌላውን ነው የሚያነደው። አየር ውስጥ 21 በመቶ ነው፣ ከ23.5 ካለፈ አንሶላም ፀጉርም ይበልጥ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ሬጉሌተር (ሲሊንደሩ ላይ የሚገጠመው ግፊት መቀነሻ) ላይ እሳት የሚነሳው በአብዛኛው በቅባት ወይም ቫልቩን በአንዴ በመክፈት ነው፤ ጋዙ ጠባብ ቦታ ላይ በድንገት ሲታመቅ ይግላል፣ ውስጡ ያለውን የማሸጊያ ጎማ ያቀጣጥላል። ቫዝሊን በነካ እጅ አትንኩት፣ የሚጠብቅበትን ጥርስም ዘይት አትቀቡ። ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ታካሚው ካኑላውን (አፍንጫ ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን ቱቦ) ሲያወልቅ ጋዙን ዝጉ፤ አልጋ ላይ እየነፈሰ ከተተወ ፍራሹ ይጠጣዋል።

መልስ 3፦ ስለ በሩ ማንም አላነሳም። መውጫው ሌባ ተፈርቶ በቁልፍ ከተዘጋ የቀረው ዝግጅት ዋጋ የለውም፤ ከውስጥ ቁልፍ ሳያስፈልግ በአንድ ግፊት መከፈት አለበት። እሳት ሲነሳ ወደ ደረጃ አትሩጡ። መጀመሪያ ለእሳቱ ቅርብ ያሉትን አውጡ፣ የክፍሉን በር ዝጉ፣ ከዚያ እዚያው ፎቅ ላይ ከጭስ በር ማዶ ወዳለው ክፍል አሻግሩ። መራመድ የማይችለውን በፍራሹ ወይም በብርድ ልብስ መሬት ላይ ጎትቱ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ለቬንቲሌተር (መተንፈሻ ማሽን) አካባቢስ ዱቄቱ ይሆናል?

መልስ 1፦ እሳቱን ያጠፋል፣ ግን ዱቄቱ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ያበላሸዋል። ለኤሌክትሪክ ዕቃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጨምሩ። እሱ ግፊት መለኪያ የለውም፤ ሚዛን ላይ አውጡትና ከጋዙ ክብደት ከ10 በመቶ በላይ ከጎደለ አስሞሉት።