የቅጠል ዐውደ ርዕይ ዕቅድ፦ ሐሳብ ስጡበት

ሰብሳቢ፦ እንደምን ዋላችሁ። በኅዳር ለጎንደር ተማሪዎች ለምናሳየው የቅጠል ዐውደ ርዕይ እስከ ዓርብ አንድ ገጽ የጋራ ዕቅድ ማስገባት አለብን። ረቂቁ ቅጠሎቹን በቅርጽ ይደረድራል፦ ነጠላ፣ ጥምር፣ መርፌ መሰል። ምን ትላላችሁ?

መምህር፦ እኔ አልስማማም። በቅርጽ ከሆነ ልጁ ስም ሸምድዶ ይሄዳል። በቦታ እንደርድረው። ከመተማ ቆላ ተነስተን፣ በከተማችን አልፈን፣ ስሜን እንውጣ። ያኔ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ራሱ ይጠይቃል። መልሱ ብዙ ጊዜ ውኃ ነው። ቅጠል አየር ለማስገባት ቀዳዳዎቹን ሲከፍት ውኃው ይተንበታል። በቀዳዳው ግራና ቀኝ ሁለት ሕዋሳት አሉ። ውኃ ሲጠግቡ ይነፋሉ፣ ቀዳዳው ይከፈታል። ሲጠሙ ይዝላሉ፣ ይዘጋል።

ገንዘብ ያዥ፦ መምህር፣ ይሄን በምን ልናሳይ ነው? ማይክሮስኮፕ መግዣ ብር የለንም።

መምህር፦ አንድ እንዋሳለን። የባቄላ ቅጠል ጀርባ ላይ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ይቀባል፤ ሲደርቅ በስኮች ይላጣል። የቀዳዳዎቹ ቅርጽ ታትሞ ይወጣል። ወይራ ግን አይሆንም፤ ጀርባው በጥቃቅን ቅርፊት የተሸፈነ ነው።

የመተማ አባል፦ የእጣን ዛፍ ቅርንጫፍ ከኔ። ግን ኅዳር ላይ ቅጠል የለውም፤ በበጋ ያራግፋል። ለቅጠል ዐውደ ርዕይ ባዶ እንጨት ይዤ ስመጣ እንዳትስቁብኝ።

መምህር፦ እንዲያውም መግቢያው ላይ እሱ ይቀመጥ። ቅጠል መጣልም ውኃ መቆጠቢያ ነው።

ወጣት አባል፦ የከተማው ክፍል ለኔ። ባሕር ዛፍን እዩት። ከተቆረጠ ጉቶ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ሰፊ ነው፣ ግንዱን ያቅፋል፣ በአውራ ጣት ሲያሹት ነጭ ሰም ይለቃል። ያደገው ደግሞ ቀጥኖ እንደ ማጭድ ይጎብጥና ቁልቁል ይንጠለጠላል። የቀትር ፀሐይ የሚያገኘው ጠርዙን ነው። ሥሩ ጥላ ፈልጎ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ ፀሐዩ ተከትሎት ይገባል! ቁልቋልም አመጣለሁ፣ የቅጠሉን ሥራ አረንጓዴ ግንዱ ተረክቦታል።

አንዲት እናት አባል፦ ልጄ፣ ቁልቋሉን ተወው። ወተቱ ዓይን ከገባ ጉድ ነው። ልጆች ደግሞ ሳይነኩ አያልፉም።

ወጣት አባል፦ እሺ እትዬ፣ በፎቶ ይሁን።

ሰብሳቢ፦ ስሜንስ? ከፓርኩ ቆርጠን አናመጣም።

መምህር፦ እሱም በፎቶ። ከ3,500 ሜትር በላይ ቀን ፀሐይ ይለበልባል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ጅብራ የሚባለው የተራራ ተክል ረጃጅም ቅጠሎቹን አናቱ ላይ ጥቅጥቅ አድርጎ ለጋውን መሃል ይከልላል። አስታ የሚባለው ዛፍ ሌላ መንገድ ይዟል፤ ቅጠሉ ከመርፌ አይበልጥም። ሁለቱን ጎን ለጎን እንስቀላቸው። ለአንድ ብርድ ሁለት መላ መኖሩ ከሁሉም በላይ የሚያከራክር ይመስለኛል።

ሰብሳቢ፦ ጥሩ። ረቂቁን «ከቆላ እስከ ውርጭ» ብዬ በቦታ አስተካክላለሁ። ተቃውሞ ያለው እስከ ሐሙስ ማታ ይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለጥፍር ቀለሙም ደረሰኝ እፈልጋለሁ።