የክራብ ፐልሳር የሁለት ቀን መረጃ አልገጥም አለኝ

የማስተርስ ጽሑፌ በኒውትሮን ኮከብ (የግዙፍ ኮከብ እጅግ የታመቀ ቅሪት) ላይ ነው። በእጄ ያለው፣ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ የተገጠመው ናይሰር ቴሌስኮፕ ከክራብ ፐልሳር፣ ማለትም እየተሽከረከረ በየዙሩ የጨረር ብልጭታ ከሚልክ ኒውትሮን ኮከብ፣ የሰበሰበው የኤክስሬይ መረጃ ነው። ኮከቡ በሰከንድ 30 ጊዜ ገደማ ይሽከረከራል። የአንዱን ቀን መረጃ ለብቻው በዙረቱ (አንድ ዙር በሚፈጀው ጊዜ) ልክ ስደራርበው በአንድ ዙር ውስጥ ጨረሩ የሚጎላባቸው ሁለቱ ጫፎች፣ ትልቁም ትንሹም፣ ቁልጭ ብለው ይወጣሉ፤ እንዴት እንደሚያስደስት! ሁለቱን ቀናት ሳገናኝ ግን ጫፎቹ ደብዝዘው ይጠፋሉ። የምድር እንቅስቃሴ እንዳያዛባው የፎቶኖቹን (የብርሃን ቅንጣቶቹን) መድረሻ ሰዓት ወደ ሥርዓተ ፀሐይ የክብደት ማዕከል ቀይሬዋለሁ። ዙረቱ በየቀኑ በ36 ናኖሰከንድ ገደማ እንደሚረዝምም አስገብቻለሁ። አሁን የምጠረጥረው ለዚህ ሰዓት ቅየራ የሚያገለግለውን የፕላኔቶቹን አቀማመጥ ሠንጠረዥ ነው፤ የዙረቱን ልክ የወሰድኩበት ዝርዝር በአሮጌው የሠንጠረዡ እትም በዲኢ200 የተሠራ ሲሆን እኔ ሰዓቱን የቀየርኩት በኋለኛው እትም በዲኢ430 ነው። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ፣ የሠንጠረዡ ልዩነት ብቻውን በሁለት ቀን ውስጥ ይህን ያህል ሊያዛባ ይችላል?