የድሮ አናሎግ ካሜራ ወደ ኤንቪአር ይገባል?

ኮብልስቶን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 4 ፎቅ ሕንፃ ላይ 12 የድሮ አናሎግ ካሜራ አለ፤ ቢኤንሲ (ክብ፣ ተጠምዝዞ የሚቆለፍ የቪዲዮ) መሰኪያ ያላቸው፣ በ12 ቮልት የሚሠሩ። ባለ 16 ቻናሉ ዲቪአር (የአናሎግ ካሜራ መቅጃ) ይነሳል፣ ምስልም ያሳያል፤ ሃርድ ዲስኩ ግን ሞቷል። አሁን 8 አይፒ ካሜራ (ምስሉን በኔትወርክ የሚልክ) ከባለ 32 ቻናል ኤንቪአር (የአይፒ ካሜራ መቅጃ) ጋር ተገጥሟል። ባለቤቱ ሃያውም በአንድ ስክሪን እንዲታይና በአንድ ቦታ እንዲቀዳ ይፈልጋል። ከቢኤንሲ ወደ ኔትወርክ ገመድ የሚቀይር ትንሽ መሰኪያ በርካሽ ይሸጣል፤ እሱ ይበቃል? በተጨማሪ ሁለቱ ካሜራዎች ሲመሽ ይጠፋሉ፤ ሦስቱ ላይ ደግሞ አግድም ጥቁር ጥላ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል።

ሽቦ_አጥባቂ፦
መሰኪያው አይሠራም። ባለን ይባላል፤ አናሎጉን ሲግናል በኔትወርክ ገመድ ጥንድ ሽቦ ላይ ያሳልፋል እንጂ ወደ ዳታ አይቀይረውም። ሌላው ጫፍ ላይም ሁለተኛ ባለንና ዲቪአር ይፈልጋል። ስዊች (የኔትወርክ ገመዶች መገናኛ ሳጥን) ላይ ብትሰካው ምንም አታገኝም፤ ስዊቹ ፓሲቭ ፖኢ (ሳይጠይቅ በኔትወርክ ገመድ ኃይል የሚልክ) ከሆነ ካሜራውን ሊያቃጥልብህ ይችላል።

ወደ ዳታ ለመቀየር ኤንኮደር የሚባል ዕቃ ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ እጅህ ላይ አለ፦ ያ ዲስኩ የሞተ ዲቪአር። ዲቪአር ምስሉን ወደ ኤች.264 (የተጨመቀ ዲጂታል ቪዲዮ) ቀይሮ በኔትወርክ ስለሚልክ ዲስክ ባይኖረውም ለዚህ ሥራ ይበቃል። የሞተውን ዲስክ ንቀለው፤ አለበለዚያ በተነሳ ቁጥር ሲፈልገው ይቆያል። ሲጮህብህ ከማስጠንቀቂያ ሜኑው የዲስክ ስህተት ድምፁን አጥፋው።

ከዚያ ለዲቪአሩ ቋሚ አይፒ ስጠው። የሂክቪዥን ዕቃዎች ከፋብሪካ 192.168.1.64፣ የዳሁዋ 192.168.1.108 ይዘው ስለሚመጡ ከአዲሶቹ ካሜራዎች ጋር እንዳይጋጭ ተጠንቀቅ። ገመዱን ኤንቪአሩ ጀርባ ካሉት የፖኢ ቀዳዳዎች ላይ አትሰካ። የሂክቪዥን ከሆነ እነዚያ 192.168.254 በሚጀምር የራሳቸው ኔትወርክ ላይ ስለሆኑ ዲቪአሩን አያዩትም። ከኤንቪአሩ ላን ቀዳዳ ጋር በሚገናኘው ስዊች ላይ ይሁን።

የእያንዳንዱን ቻናል ዋና ስትሪም (ለቅጂ የሚላከውን ሙሉ ምስል) 704 በ576፣ ፓል (የአናሎግ ቪዲዮ ደረጃ)፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ በሴኮንድ 1024 ኪሎቢት አድርግ። ከዚያ በላይ ማስፋት ዲስክ ይበላል እንጂ ጥራት አይጨምርም፤ ካሜራው ያላየውን ዲቪአር አይፈጥረውም። አንዳንድ የድሮ ዲቪአር ግን በዚህ መጠን ሁሉንም ቻናል በ25 ፍሬም መላክ አይችልም። ምስሉ ከተቆራረጠ ወደ 12 ፍሬም ዝቅ አድርግ፤ ለኮሪደርና ለደረጃ በቂ ነው።

አምፖል75፦
ከላይ ያለው ልክ ነው፤ ግን የገመዱና የኃይሉ ችግር ካልተፈታ ኤንቪአሩም ያንኑ ጥላ ነው የሚቀዳው።

ሲመሽ የሚጠፉት ቮልቴጅ እየራባቸው ነው። ቀን 150 ሚሊአምፔር የሚወስድ ካሜራ የኢንፍራሬድ መብራቱ ሲበራ 450 ሊደርስ ይችላል። ገመዱ 0.5 ካሬ ሚሊሜትር፣ ርቀቱ 60 ሜትር ቢሆን ደርሶ መልሱ 120 ሜትር ነው፤ ወደ 4.2 ኦም ማለት ነው። ቀን 0.6 ቮልት ብቻ ይቀንሳል፣ ማታ ግን 1.9፤ ካሜራው ጋ የሚደርሰው 10.1 ይሆናል። ቴስተር ይዘህ ካሜራው ጋ ውጣ፤ ሌንሱ አጠገብ ያለችውን የብርሃን ዳሳሽ በጣትህ ሸፍነህ ለካ። ከ11 በታች ካየህ ወፍራም ገመድ ሳብ ወይም ፓወር ሰፕላዩን አቅርብ። ቀን፣ ዳሳሿ ሳትሸፈን፣ ተለክቶ «12 ቮልት አለው» የሚባለው ነገር ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው።

ጥላው የኧርዝ ልዩነት ነው። ካሜራው የተያዘበት ብረትና የዲቪአሩ ኧርዝ እኩል ስላልሆኑ ጅረት በቪዲዮ ገመዱ የውጭ ሽሩባ (መሸፈኛ ሽቦ) ላይ ይሄዳል። ለማረጋገጥ ካሜራውን ለጊዜው በ12 ቮልት ባትሪ አስነሳው። ጥላው ከጠፋ መንገዱ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ነው፤ ለካሜራው ብቻ የተለየ አዳፕተር ስጠው። ካልጠፋ የካሜራውን እግር ከብረቱ በጎማ ወይም በፕላስቲክ ለየው። ይህም ካልረዳ ዲቪአሩ ጋ የቪዲዮ አይሶሌተር (ምስሉን አሳልፎ የኧርዙን ጅረት የሚያቋርጥ) አስገባ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ከገመዱ ጫፍ ላይ የመሐል ሽቦውን ግለጥና ማግኔት አስጠጋው። ከሳበው የዲሽ ገመድ ነው፤ ውስጡ ብረት፣ ላዩ መዳብ። የዲሽ ሲግናል በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ በሽቦው ቆዳ ላይ ስለሚሄድ ብረቱ አያሳስበውም። የካሜራ ምስል ግን ከዜሮ ጀምሮ እስከ 6 ሜጋኸርትዝ ገደማ ስለሆነ ሽቦውን በሙሉ ይጠቀማል፤ ብረቱም ያዳክመዋል። በአጭር ርቀት ላይታወቅ ይችላል፤ ሲረዝም ምስሉ ይደበዝዛል። ለካሜራ ሙሉ መዳብ አርጂ59 ነው የሚገባው።

ኮብልስቶን፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባትሪው ላይ ሲነሳ ጥላው ጠፍቷል። ዲቪአሩን በኦንቪፍ (የተለያዩ ፋብሪካዎች ዕቃዎች የሚግባቡበት ደረጃ) አስገባሁት፤ ግን ኤንቪአሩ ላይ በ12ቱም ቦታ የሚመጣው የቻናል 1 ምስል ብቻ ነው።

ሽቦ_አጥባቂ፦
ያው አይፒ 12 ጊዜ ሲገባ ቻናሉ ካልተነገረው አንደኛውን ነው የሚወስደው። ካሜራ ስትጨምር የቻናል ቁጥር የሚጠይቅ ሳጥን ካለ እዚያ ለይ። ከሌለ ኦንቪፉን ትተህ በአርቲኤስፒ (ቪዲዮን በአድራሻ መጥሪያ መንገድ)፣ ፖርት 554፣ አስገባው። በሂክቪዥን አድራሻው መጨረሻ ላይ ቻናል 3 ዋናው ስትሪም 301፣ ንዑሱ (በትንሽ መጠን የሚላከው) 302 ነው፤ ቻናል 12 ደግሞ 1201። በዳሁዋ የቻናሉ ቁጥር ለብቻ ይጻፋል፤ የስትሪሙ ዓይነት 0 ዋናው፣ 1 ንዑሱ።

በአርቲኤስፒ የእንቅስቃሴ ምልክት ወደ ኤንቪአሩ አይመጣም። ስለዚህ 12ቱን በእንቅስቃሴ ሳይሆን ያለማቋረጥ እንዲቀዱ አድርጋቸው። ያልቀዳ ካሜራ መኖሩ የሚታወቀው ሌባ ከገባ በኋላ ነው።

ቀዳሚት፦
ያለማቋረጥ ከተቀዳ ዲስኩን አስሉ። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት በቀን 10.8 ጊጋባይት ነው፤ 12ቱ ወደ 130 ይመጣሉ። 8ቱ አይፒዎች በ4 ሜጋቢት ከሆኑ 346 ይጨምራሉ። ለ30 ቀን ከ14 ቴራ በላይ ነው፤ ባለ 8 ቴራ ሁለት ግዛ።

የዲቪአሩንና የኤንቪአሩን ሰዓት አንድ አድርግ፣ ከዚያ የዲቪአሩን በምስሉ ላይ የሚጽፈውን ሰዓት አጥፋ፤ ሁለት የተለያየ ሰዓት ያለበት ቅጂ ለማስረጃ ሲቀርብ ጣጣ ያመጣል። ዲቪአሩ ያረጀ ስለሆነ ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚገባበት ፖርት አትክፈትለት፤ ከውጭ ማየት የሚፈልግ በኤንቪአሩ በኩል ይይ። ዲቪአሩ ራሱ የሞተ ቀን ደግሞ ሌላ ኤንኮደር ከመግዛትህ በፊት ባለ 16 ቻናል ኤክስቪአር ዋጋ ጠይቅ፤ ነባሩን አናሎግም አዲሱን ኤችዲም ይቀበላል፣ ካሜራዎቹንም አንድ በአንድ መቀየር ትችላለህ።