በዛንዚባር ቀሪዎቹን 4 ሌሊቶች የት እናሳልፍ?

በጥር ወር ከሠርጋችን በኋላ ከባለቤቴ ጋር ለ7 ሌሊት ወደ ዛንዚባር ለመጓዝ ትኬት ቆርጠንና የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችንን አዘጋጅተን ከጨረስን በኋላ፣ በምሥራቁ ዳርቻ ፓጄ ላይ ከያዝነው ማረፊያ ፊት ለፊት ያለው ባሕር በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር እየሸሸ ለሰዓታት ለመዋኘት እንደማይመች ተረዳን። የ3 ሌሊቱ ክፍያ እንደማይመለስ ስለተነገረን እነዚያን 3 ሌሊቶች እዚያው ለማደር ወስነን የቀሩትን 4 ሌሊቶች ሰርዘናል። ባለቤቴ ባሕር አይታ አታውቅም፤ ስለዚህ በፈለገችው ሰዓት ውኃው ውስጥ እንድትገባ አጥብቄ እመኛለሁ። በሰሜን የሚገኙት ኑንግዊና ኬንድዋ ውኃቸው ብዙም እንደማይሸሽ አንብቤአለሁ፤ ሆኖም ኑንግዊ የዓሣ አጥማጆችና የጀልባ ሠሪዎች መንደር ከመሆኑም በላይ ጎብኚ የሚበዛበት ነው፤ ኬንድዋ ደግሞ ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ሰሞን በሚደረግ የሌሊት ጭፈራ ይታወቃል። በቦታው የቆያችሁ ሰዎች፣ ጸጥታ ለሚፈልጉ አዲስ ተጋቢዎች ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?