ባህር ዳር ላይ የኤሌክትሪክ ጭነት ባጃጅ ዳገት አልወጣ ላላችሁ ጥቆማ

ሰላም ቤተሰብ፣ ውስጥ መስመር "ትልቅ ሞተር የት አገኛለሁ" የምትሉኝ በዝታችኋል፣ እባካችሁ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት የጥርሱን ሬሾ እዩ፣ ማለትም ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ ስንቴ እንደሚዞር።

1500 ዋት በደቂቃ 3000 ዙር የሚዞር ሞተር ብቻውን ቶርኩ (የማዞር ጉልበቱ) 4.8 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ ትንሽ ነው። ሬሾው 10 ለ 1 ከሆነ ጎማው ጋ 300 ዙርና 48 ኒውተን ሜትር ይደርሳል፣ ይሄን ለጎማው ራዲየስ ስታካፍሉት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል፣ ግፊቱ 240 ኒውተን ፍጥነቱ በሰዓት 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። 16 ለ 1 ስታደርጉት ግፊቱ 380 ይገባል፣ ፍጥነቱ ግን ወደ 14 ይወርዳል። ዋቱ ያው ነው አልጨመረም፣ እንደውም ጥርሶቹ ሲፋተጉ ከግፊቱ 10 በመቶ ያህል ይበላሉ ብላችሁ ያዙ።

ከነጭነቱ 500 ኪሎ የሆነ ባጃጅ በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ሲወጣ ከጎማው ፍትጊያ ጋር ወደ 320 ኒውተን ይፈልጋል። በ10 ለ 1 ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ከረንት እየሳበ ትንሽ ይታገላል፣ ከዛ ይግላል፣ ከቆየ የሽቦ ጥቅሉ ይቃጠላል። በ16 ለ 1 ቀስ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ጭነት የምታወጡ ከፍ ያለውን ሬሾ ያዙ፣ ከጣና ዳር ገበያ ሜዳ ለሜዳ ለምትሰሩ ግን አስሩ ይበቃል፣ ፍጥነታችሁን በከንቱ አትጡ።

የት ይሰራ ላላችሁ፣ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ጥርስ) ከሆነ እኔ የምመርጠው ከመለዋወጫ ሱቅ የፋብሪካ አክስል ከነጥርሱ መግዛት ነው፣ ወደድ ይላል ግን ብረቱ በእሳት ጠንክሮ የመጣ ነው። ቶርኖ ቤት የተቆረጠ የዲፈረንሻል ጥርስ ካልጠነከረ ቶሎ ይበላል። በካቴና ለሚሄድ ግን ቶርኖ ቤት አሪፍ ነው፣ የኋላውን 40 ጥርስ በ48 ብትቀይሩ ግፊታችሁ 20 በመቶ ይጨምራል፣ ወጪውም ቀላል ነው። ጋራዥ ስትመርጡ ደግሞ "ስንት ኪሎ ትጭናለህ፣ በየት በኩል ትሄዳለህ" ብሎ የሚጠይቃችሁ ጋ ሂዱ፣ ሳይጠይቅ ሞተር ቀይር የሚላችሁን እለፉት።

ሬሾዬን አላውቀውም ላልሽኝ እህቴ፣ ባትሪውን ንቀይና ሁለቱንም የኋላ ጎማ አንስተሽ እኩል አንድ ዙር አዙሪያቸው፣ የሞተሩ ዘንግ ስንቴ እንደዞረ ቁጠሪ፣ እሱ ነው ሬሾሽ። ቁጥሩን እዚህ ጻፊልኝና ከጭነትሽ ጋር አብረን እናሰላዋለን።