አንድ ጉዞ ላይ ሦስት ዓይነት ጨዋታ? ክሪኬት የሚገባው ካለ ያስረዳኝ

ከዚራ_ልጅ፦

ሰላም ጀመአው። ሥራ ቦታ አብሮኝ የሚውል አንድ ህንዳዊ አለ። ሰው ነው በጣም፣ ግን አገሩ ጨዋታ ካላት ስልኩ ላይ ተተክሎ ነው የሚውለው። እኔም ጠጋ እያልኩ አብሬው ማየት ጀመርኩ፣ ግን ምኑም አልተጨበጠልኝም። ባለፈው "አሸነፍን" ብሎ ለሁላችንም ሳምቡሳ ገዛ። ትንሽ ቆይቶ ያው ቡድን ከዚያው አገር ጋር ገጥሞ ተሸነፈ አለኝ። ተጫዋቾቹን ሳያቸው ግማሾቹ ሌሎች ናቸው፣ ሰማያዊ የነበረው ማሊያም ነጭ ሆኗል፣ ኳሷ ራሷ ነጭ የነበረችው ቀይ ሆናለች። ከዚያ ደግሞ አምስት ቀን ሙሉ ሲጫወቱ ከርመው አቻ ወጡ! አምስት ቀን ወላሂ! በመጨረሻ ሲሰለቸኝ "እና ጠቅላላ ማን አሸነፈ?" ስለው "በየትኛው?" አለኝ። አቦ እኔ የማውቀው ኳስ ነው፣ ዘጠና ደቂቃ፣ አለቀ። ይሄ ነገር ምንድን ነው?

ፑኔ_ተመላሽ፦

ህንድ ተምሬ ስለመጣሁ እኔ ልሞክር። ዶርም ውስጥ ሳልወድ በግዴ ነው የለመድኩት።

ጉዞው አንድ ነው፣ ፉክክሩ ግን ሦስት ነው። ቡድኑ አንዴ ባሕር ከተሻገረ ሁለት ወር ገደማ እዚያው ይከርምና ከባለቤቱ አገር ጋር ሁሉንም ዓይነት ይጫወታል። ቲ20 ለያንዳንዱ ቡድን 20 ኦቨር ነው፣ በሦስት ሰዓት ከምናምን ያልቃል። አንድ ኦቨር ማለት ስድስት ውርወራ ነው። ዋንዴይ 50 ኦቨር ነው፣ ቀኑን ይወስዳል። ቴስት ደግሞ እስከ አምስት ቀን ይሄዳል፣ በቀን 90 ኦቨር፣ ሁለቱም ቡድኖች ሁለት ሁለት ጊዜ ይመታሉ። ነጭ ልብስና ቀይ ኳስ ያየኸው እሱ ነው። ውጤቱ ለየብቻ ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ ጓደኛህ "በየትኛው?" ማለቱ ልክ ነው።

ተጫዋች የሚቀያየረው ሥራው ስለማይመሳሰል ነው። ቲ20 ላይ የመጣውን ኳስ ሁሉ ወደ ደጋፊው የሚልክ ሰው ይፈለጋል። ቴስት ላይ ግን ግማሽ ቀን ቆሞ ኳስ እየመከተ የማይሰለቸው ያስፈልጋል። ሁለቱንም የሚችል አለ፣ ብዙ አይደለም።

አቻ ያልከው ደግሞ እንዲህ ነው። ቴስት ለማሸነፍ ከተጋጣሚህ የበለጠ ሩጫ (ነጥቡ ማለት ነው) ማስቆጠር ብቻ አይበቃም፣ እስከ መጨረሻው መቺ ድረስ ከጨዋታ ማስወጣት አለብህ። አምስተኛው ቀን ሳታስወጣ ከመሸ የፈለገ ብትመራ አቻ ነው። ለዚህ ነው የተሸነፈ የመሰለ ቡድን ድንጋይ ሆኖ ቀኑን የሚያስመሽው።

ጣዕሙ እንዲገባህ ህንድ በፈረንጅ 2020 መጨረሻ አውስትራሊያ ሄዳ የሆነውን ልንገርህ። ዋንዴዩን አውስትራሊያ 2 ለ 1 ወሰደች። ቲ20ውን ህንድ 2 ለ 1። ከዚያ አራት ቴስት ተጀመረ። መጀመሪያ አዴላይድ ላይ ህንድ በሁለተኛው ዙሯ 36 ሩጫ ብቻ አስቆጥራ ተሸነፈች። በታሪኳ ዝቅተኛው ነው፣ አንድም ሰው አስር አልሞላም። በዚያ ላይ አምበሉ ቪራት ኮህሊ የመጀመሪያ ልጁ ሊወለድ ስለሆነ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሰው ሁሉ አለቀላቸው አለ። ራሃኔ አምበልነቱን ተቀብሎ ሜልቦርን ላይ 112 መታና አሸነፉ፣ እንዲያውም በቁልቢ ማግስት ነበር። ሲድኒ ላይ ቪሃሪ የጭኑ ጡንቻ ተጎድቶ እያነከሰ 161 ኳስ መክቶ 23 ሩጫ ብቻ አገባ፣ ከአሽዊን ጋር ሆነው አቻ አስወጡ። በእግር ኳስ ዓይን ምንም ያልተፈጠረበት ቀን ነው፣ እኔ ግን ከዚያ የሚበልጥ ያየሁት ጥቂት ነው።

የመጨረሻው ብሪዝበን። አውስትራሊያ እዚያ ሜዳ ላይ ከ1988 ጀምሮ ቴስት ተሸንፋ አታውቅም ነበር። ህንድ ደግሞ ዋናዎቹ ወርዋሪዎቿ በሙሉ ተጎድተው ተቀምጠዋል። ለልምምድ እንዲወረውር ብቻ የተወሰደው ናታራጃን በዚያው ጉዞ ሦስቱንም ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወተ። 328 ሩጫ ያስፈልጋቸው ነበር። ፑጃራ ኳስ ሰውነቱን ደጋግሞ እየመታው ቆሞ ዋለ፣ ጊል 91፣ ሪሻብ ፓንት ሳይወጣ 89፣ ጨረሱት። 2 ለ 1። ቀኑ ጥር 11 ነበር፣ እዚህ ሰው ታቦት ሲሸኝ እኔ ስልክ ላይ ነበርኩ።

ጀጎል_በር፦

አቦ ፑኔ ዘርዝረህ ገደልከው! አንድ ነገር ግን ረስተሃል፣ ሰዓቱን። ቴስት እንግሊዝ አገር በበጋቸው ሲሆን በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ይጀምርና ምሽት 2 ሰዓት ላይ ያበቃል። ምሳ ተበልቶ፣ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ፌስታል ተፈትቶ ማለት ነው። አምስት ቀን በተከታታይ! ይሄን ጨዋታ የፈጠረው ሰው በርጫ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። አውስትራሊያ ከሆነ ግን አይመችም፣ ብሪዝበን የሚጀምረው ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው።

በነገራችን ላይ እዚህ ሐረር በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም ራምቦ ቤት የምንለውን እንኳ የሠራው የህንድ ነጋዴ ነው። ቤቱን ሠሩልን፣ ጨርቁን አመጡልን፣ ክሪኬቱን ግን ለራሳቸው ያዙት።

ነምበርዋን፦

እኔ አልስማማም። አምስት ቀን ቁጭ የሚል ሥራ ፈት ነው። ገንዘቡም ተመልካቹም ቲ20 ላይ ነው። 2028 ሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ላይ የሚገባውም ቲ20 ነው፣ ቴስት አይደለም። ለእኛ ዓይነት አገርም የሚሆነው እሱ ነው። ዩጋንዳን እዩ፣ በ2024 የቲ20 ዓለም ዋንጫ ላይ ገብታ ፓፑዋ ኒው ጊኒን አሸነፈች። እሺ ዌስት ኢንዲስ በ39 ሩጫ አስወጥታታለች፣ ያንን እናልፈዋለን። ኬንያ በ2003 ዋንዴይ ዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳለች። ቴስት ግን የተፈቀደላቸው አገሮች ብቻ የሚጫወቱት የሀብታም ሰፈር ጨዋታ ነው።

ፑኔ_ተመላሽ፦

ገንዘቡ ላይ ልክ ነህ። ግን ተጫዋቾቹን ራሳቸውን ጠይቅ፣ አብዛኞቹ የሚመኙት ባሕር ማዶ ቴስት ማሸነፍን ነው። ሰው አገር ሜዳው ሌላ ነው፣ አውስትራሊያ ኳሱ ይነጥራል፣ እንግሊዝ በአየር ላይ ይታጠፋል፣ ህንድ አፈሩ ደርቆ ሲሰነጠቅ ይሽከረከራል። ኳሱ ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም፣ እንግሊዝ ዱክስ፣ አውስትራሊያ ኩካቡራ፣ ህንድ ኤስጂ። በሃያ ኦቨር በዕድል ማምለጥ ይቻላል፣ በአምስት ቀን ግን ጉድህ ይወጣል። የሀብታም ሰፈር ላልከው ደግሞ፣ በ2025 ሎርድስ ላይ አውስትራሊያን አሸንፋ የቴስቱን ሻምፒዮና የወሰደችው ደቡብ አፍሪካ ናት፣ በቴምባ ባቩማ አምበልነት። ዚምባብዌም ከ1992 ጀምሮ ቴስት ትጫወታለች።

ሳቢያን_ነኝ፦

ወንዶቹ ስለ ወንዶች ብቻ አወራችሁ። "ጠቅላላ ማን አሸነፈ" የሚለው መልስ ያለው ሴቶቹ ጋ ነው። የአውስትራሊያና የእንግሊዝ ሴቶች የሚፎካከሩበት አሽስ ከ2013 ጀምሮ ሦስቱንም ዓይነት በነጥብ ነው የሚደምረው። አሁን ቴስት ለአሸናፊው 4 ነጥብ አለው፣ አቻ ከሆነ ሁለት ሁለት ይካፈላሉ። ዋንዴይና ቲ20 እያንዳንዱ 2 ነጥብ። በ2025 አንድ ቴስት፣ ሦስት ዋንዴይ፣ ሦስት ቲ20 ነበር፣ አውስትራሊያ ጠራርጋ 16 ለ 0። ግልጽ ነው፣ ክርክር የለውም። ወንዶቹ ለምን እንዲህ እንደማያደርጉት አይገባኝም።

ጀጎል_በር፦

እንዲህ ካደረጉማ ተሸንፈው ሲመለሱ "በቲ20ው ግን አሸንፈናል" የሚሉበት ያጣሉ።

ባጃጅ_ድሬ፦

ፑኔ፣ የህንዱን ወርዋሪ ሲራጅን ለምን ዘለልከው? በዚያው ጉዞ ገና አውስትራሊያ እንደደረሱ፣ ኳራንቲን ውስጥ እያሉ፣ አባቱ ሞቱ። ቡድኑ ተመለስ ቢለው እዚያው ቀረ። አባቱ ሃይደራባድ ላይ ባጃጅ ነጂ ነበሩ፣ እንደኛ። ልጁ በዚያው ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ቴስት ተጫወተና ብሪዝበን ላይ በአንድ ዙር አምስት ሰው አስወጣ። እኔ ስለ ክሪኬት ሌላ ምንም አላውቅም፣ ይሄን አንድ ህንዳዊ ተሳፋሪ ከሳቢያን እስከ ከፊራ ነግሮኝ ሒሳብ ልቀበለው አልቻልኩም።

ከዚራ_ልጅ፦

ኧረ ተባረኩ። አሁን ገባኝ፣ ቢያንስ ሰውየውን "ቴስቱስ?" ብዬ መጠየቅ እችላለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር አለ። መሀል ላይ ድንገት ሁሉም ጥለው ወጡ፣ "ሻይ ሊጠጡ ነው" አለኝ። እየቀለደብኝ ነው አይደል?

ፑኔ_ተመላሽ፦

አይደለም። ምሳ 40 ደቂቃ፣ ሻይ 20። ሕጉ ላይ አለ።