ሻምፒዮን በሆነ በዓመቱ የወረደ ክለብ፦ ይህን ሰንጠረዥ የሚያብራራልኝ አለ?

ሚኪ ዘአዳማ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። በአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ የስፖርት ሰዓት ላይ አጭር የታሪክ ዝግጅት አቀርባለሁ። ለዚህ ዓርብ የመረጥኩት የማንቸስተር ሲቲን የ1937/38 (እ.ኤ.አ.) የውድድር ዘመን ነው። ጽሑፉን አለቃዬ አየና «ይሄ አይሆንም፣ ቁጥር ተሳስተህ ገልብጠሃል፣ አጣርተህ ና» ብሎ መለሰልኝ። አልፈርድበትም፣ ቁጥሩን ላየው ሰው ግራ ያጋባል። ያለኝ ይህ ነው፦ ሲቲ 42 ጨዋታ ተጫውቶ 14 አሸነፈ፣ 8 አቻ ወጣ፣ 20 ተሸነፈ። 80 ግብ አገባ፣ 77 ገባበት። በ36 ነጥብ ከ22 ክለቦች 21ኛ ሆኖ ወረደ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ በዚያ ዓመት በዲቪዚዮኑ 80 ግብ ያገባ ሌላ ክለብ የለም! ዋንጫውን የወሰደው አርሰናል እንኳ 77 ነው ያገባው። ደግሞ ሲቲ የዓመቱን ውድድር የጀመረው የዋንጫው ባለቤት ሆኖ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው ወይ? ልክ ከሆነስ ለአድማጭ እንዴት ብዬ ላስረዳ? ያለኝ ጊዜ አራት ደቂቃ ነው።

ሰማያዊው ከቦሌ፦
ልክ ነው ወንድሜ፣ አንድም አልተሳሳትክም። እኛ የሲቲ ደጋፊዎች ይህን ታሪክ ወደድንም ጠላንም በቃላችን ነው የምናውቀው። በእንግሊዝ ከፍተኛው ሊግ ሻምፒዮን ሆኖ በሚቀጥለው ዓመት የወረደ ክለብ እስከ ዛሬ እኛ ብቻ ነን። ሌስተር ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 ዋንጫ አንስቶ በቀጣዩ ዓመት ሲንገዳገድ «በቃ፣ ጓደኛ አገኘን» ብለን ነበር፣ እሱም 12ኛ ሆኖ አመለጠ።

ለአለቃህ ይህንንም ንገረው። ከዚያ በፊት በነበረው 1936/37 ሲቲ ዋንጫውን የወሰደው በ57 ነጥብና በ107 ግብ ነው፤ የመጨረሻዎቹን 22 ጨዋታዎች ሳይሸነፍ ነው የጨረሰው። የሰሜን አየርላንዱ ፒተር ዶኸርቲ ብቻውን በሊጉ 30 አገባ። በግራ ክንፍ ኤሪክ ብሩክ ነበር፤ የእሱን የክለቡን የግብ ሪከርድ አጉዌሮ የሰበረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በሩ ላይ ፍራንክ ስዊፍት። አሰልጣኙ ዊልፍ ዋይልድ። በሚቀጥለው ዓመትም እነዚሁ ሰዎች ነበሩ፤ እንዲያውም በኅዳር 1937 ሰንደርላንድን በሜዳቸው ሜይን ሮድ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈው የቻሪቲ ሺልድን ዋንጫ ወስደዋል። ዋንጫ አንስተው ነው የወረዱት ማለት ነው።

ቡልቻ 7፦
ቀላል ነው። ያኔ የግብ ልዩነት የሚባል ነገር አልነበረም፣ ጎል አቬሬጅ ነበር። ሲቲ ነጥቡ እኩል ሆኖ በጎል አቬሬጅ ነው የወረደው። እንዲህ ብለህ አስረዳቸው፣ አለቀ።

ሊዲያ ሒሳብ፦
ቡልቻ ወንድሜ፣ ሕጉን በትክክል ተናግረሃል፣ ሲቲን ያወረደው ግን እሱ አይደለም። ሚኪ እንዲህ ብለህ አየር ላይ እንዳትል፣ አንድ አድማጭ ደውሎ ያሳፍርሃል።

ጎል አቬሬጅ ማለት ያገባኸውን በገባብህ ማካፈል ነው። እንግሊዞች እስከ 1975/76 ድረስ በዚህ ሠሩ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ልዩነት የዞሩት። የሲቲ 80 ሲካፈል ለ77 ወደ 1.04 ይመጣል። አሁን ከሲቲ በላይ ያሉትን ተመልከት፦ ግሪምስቢ 20ኛ፣ ፖርትስማውዝ 19ኛ፣ በርሚንግሃም 18ኛ፣ ስቶክ 17ኛ። አራቱም 38 ነጥብ። ግሪምስቢ 51 አግብቶ 68 ገብቶበታል፣ 0.75 ማለት ነው። ሌሎቹም ሦስቱ ያገቡት ከገባባቸው ያንሳል። ስለዚህ ሲቲ 38 ነጥብ ቢኖረው ኖሮ አራቱንም በአቬሬጅ በልጦ 17ኛ ይሆን ነበር። ያወረደው ሁለት ነጥብ ነው፣ ሌላ አይደለም። አቬሬጁ የጠቀመው ከዌስት ብሮም ጋር ብቻ ነው፦ ሁለቱም 36 ነጥብ ነበራቸው፣ ዌስት ብሮም 74 አግብቶ 91 ስለገባበት የመጨረሻውን ቦታ ያዘ። ሁለቱም ግን ወረዱ፣ ያኔ ወራጁ ሁለት ክለብ ነበር።

ሰንጠረዡን ስታይ ነጥቡ እንዳያሳስትህ፦ ድል ሁለት ነጥብ ነበር። 14 ድል 28፣ 8 አቻ 8፣ ድምሩ 36። ሦስት ነጥብ በእንግሊዝ የመጣው በ1981/82 ነው። እስቲ በዛሬው አቆጣጠር ልሥራው፦ ሲቲ 50 ነጥብ። ዌስት ብሮምም 50። ግሪምስቢ፣ ፖርትስማውዝና ስቶክ 51። በርሚንግሃም ግን 10 ብቻ አሸንፎ 18 ጊዜ አቻ ስለወጣ ወደ 48 ይወርዳል! ስለዚህ በዛሬው ነጥብ ቢሆን የሚወርዱት በርሚንግሃምና ዌስት ብሮም ናቸው፣ ሲቲ በግብ ልዩነት 20ኛ ሆኖ ይተርፋል። ይህችን ለአድማጭ ብትነግራቸው ያስደስታቸዋል። ብልጥ አድማጭ «ዛሬ እኮ ሦስት ክለብ ነው የሚወርደው» ካለህ ግን ልክ ነው፣ በዚያ ከሄድን ሲቲ ተመልሶ ይወርዳል።

ሚኪ ዘአዳማ፦
ሊዲያ እግዜር ይስጥልኝ፣ የበርሚንግሃሟን ነገር ጭራሽ አላሰብኳትም። አሁን የቀረኝ «ለምን?» የሚለው ነው። 80 ግብ የት ገባ? ይህን ያህል እያገባ 20 ጊዜ የሚሸነፍ ቡድን ምን ዓይነት ነው?

ጋሽ ታዴ፦
ልጄ ሚኪ፣ ዝናብ ወር ሙሉ ጠፍቶ በአንድ ቀን ቢጎርፍ ለገበሬው ምን ያደርግለታል? የሲቲ ግብ እንደዚያ ነበር። ደርቢ ካውንቲን በሜዳው 7 ለ 1 ቀጡት። ዌስት ብሮምን ደግሞ ሜይን ሮድ ላይ 7 ለ 1። እነዚህን ሁለት ጨዋታዎች አውጥተህ ደምር። በቀሩት 40 ጨዋታዎች 66 አግብተው 75 ገባባቸው ማለት ነው። አየህ፣ ትርፉ ወዲያው ኪሳራ ሆነ። በ14 ግብ ያገኙት አራት ነጥብ ነው፤ ሁለቱን ጨዋታ 1 ለ 0 ቢያሸንፉም ያንኑ አራት ነጥብ ያገኙ ነበር።

ሁለተኛው፣ ከሜዳቸው ውጪ ነው። የድሮ ሰንጠረዥ ጥሩነቱ በሜዳና ከሜዳ ውጪ ለያይቶ ማሳየቱ ነው፣ ካገኘኸው እሱን አንብብ። በሜዳቸው 12 አሸነፉ። ከሜዳቸው ውጪ በ21 ጨዋታ ያሸነፉት ሁለት ብቻ ነው፣ 13 ጊዜ ተሸነፉ። አንዷ ያቺው የደርቢዋ ሰባት ናት።

ሦስተኛው ተከላካዩ ነው። ከሲቲ የባሰ የገባባቸው ዌስት ብሮምና ደርቢ ብቻ ናቸው። ሰው ሁሉ 80 የሚለውን ያያል፣ 77 የሚለውን ግን አያይም። እኔን ከጠየቅከኝ ዝግጅትህን ከ77 ጀምር።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘለውን ልንገርህ፣ ለእኔ ዋናው ይህ ነው። የዚያ ዓመት ሊግ እጅግ የተቀራረበ ነበር። ሻምፒዮኑ 52 ነጥብ፣ የመጨረሻው 36። ከአንደኛው እስከ ሃያ ሁለተኛው 16 ነጥብ ብቻ! 10ኛ የወጣው ቼልሲ ከሲቲ በአምስት ነጥብ ነው የሚበልጠው። ኤቨርተን 79 ግብ አግብቶ 14ኛ ነው የወጣው፣ ከሲቲ በሦስት ነጥብ ብቻ በልጦ፤ ያው ኤቨርተን በሚቀጥለው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ 34 ነጥብ የያዘ ክለብ ተርፏል። ስለዚህ የሲቲ 36 ነጥብ በ1936/37 ቢሆን ኖሮ ማንም የማያስታውሰው ተራ መጥፎ ዓመት ሆኖ ያልፍ ነበር። ሲቲ ደካማ ነበር፣ አዎ። ግን የወረደው በድክመቱ ብቻ አይደለም፣ ደካማ መሆን በማይፈቀድበት ዓመት ስለደከመ ነው።

ሰማያዊው ከቦሌ፦
ጋሼ፣ የመጨረሻዋን ቀን እርስዎ ቢነግሩት ይሻላል። እኔ ስጽፋት ያመኛል።

ጋሽ ታዴ፦
እሺ፣ ልንገረው። ግንቦት 7 ቀን 1938 በፈረንጅ፣ ቅዳሜ። ሲቲ ወደ ሊድስ ሮድ ሄደ፣ የሃደርስፊልድ ሜዳ ነው። ሃደርስፊልድ ከሳምንት በፊት በዌምብሌይ የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ተጫውቶ፣ በጭማሪው ሰዓት ማብቂያ ላይ በጆርጅ ሙች የፍጹም ቅጣት ምት በፕሬስተን 1 ለ 0 ተሸንፏል። ዋንጫውን ያጣ፣ በሊጉም ሊወርድ የተቃረበ ቡድን። ሃደርስፊልድ 1 ለ 0 አሸነፈ። በ39 ነጥብ 15ኛ ሆነ፣ ሲቲ ወረደ።

አሁን ሒሳቡን ተመልከት። አቻ ቢወጡ ሲቲ 37 ይሆናል፣ አሁንም ይወርዳል። ሲቲ ቢያሸንፍ ግን 38 ይሞላል፣ ሃደርስፊልድ ደግሞ 37 ላይ ይቀርና እሱ ይወርዳል። በሳምንት ውስጥ የዋንጫ ፍጻሜ ተሸንፎ መውረድ ማለት ነው። እና ያቺ አንድ ግብ አንዱን 15ኛ፣ ሌላውን 21ኛ አደረገች። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 29 ቀን 1930 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ሁለት ዓመት ከሁለት ቀን። እዚህ ሰው በዱር በገደል ነበር፣ እዚያ በግብ ይለቀስ ነበር።

የመድፈኛው ልጅ፦
በዚያች ቀን ሌላ ነገርም ተከስቷል፣ ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳ። ተኩላዎቹ ዎልቭስ ቢያሸንፉ ዋንጫው የእነሱ ነበር። ሰንደርላንድ ሄደው 1 ለ 0 ተሸነፉ። እኛ ቦልተንን 5 ለ 0 ድባቅ መትተን በ52 ለ 51 ወሰድነው። ሲቲዎች በ80 ግብ ሲያለቅሱ እኛ በ77 ጨፈርን። የገባብን 44 ነበር፣ ልዩነቱ እሱ ነው። ሚኪ፣ ይህን ሳትጠቅስ እንዳታልፍ 😄

ቡልቻ 7፦
ዛሬ ደግሞ መድፈኞቹ ስለ 1938 ይፎክሩ ጀመር። ሌላ ምን አላቸው?

የማንቹ እንግዳ፦
ዩናይትድንም አትርሱ። ሲቲ ሻምፒዮን በሆነበት በ1936/37 የወረደው ማን ነው? ቀያይ ሰይጣኖቹ፣ በ32 ነጥብ። ሲቲ በወረደበት በ1937/38 ከሁለተኛ ዲቪዚዮን ያደገው ማን ነው? ራሳቸው፣ ከአስቶን ቪላ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነው። ሼፊልድ ዩናይትድም 53 ነጥብ ነበረው፣ የለያያቸው ጎል አቬሬጅ ነው። ቡልቻ፣ አቬሬጅህ ሥራ የሠራው እዚህ ነው!

ሚኪ ዘአዳማ፦
ከበቂ በላይ ሰጣችሁኝ፣ አሁን ችግሬ መቀነስ ሆነ። ሁለት የመጨረሻ ጥያቄ። አንደኛ፣ ዓመቱን በፈረንጅ ልበል ወይስ በእኛ? አብዛኛው አድማጬ ታክሲ ውስጥ ነው የሚሰማኝ። ሁለተኛ፣ ከወረደ በኋላ ምን ሆነ ቢሉኝስ?

ሊዲያ ሒሳብ፦
ዓመቱን ሁለቱንም በል፣ ግን የእኛን አስቀድም፦ «በ1930 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን 1938»። ውድድሩ ነሐሴ 22 ቀን 1929 ተጀምሮ ሚያዝያ 29 ቀን 1930 ስላለቀ «1930» ብትል አትሳሳትም። ዝም ብለህ «በ1937» ካልክ ግን በእኛ አቆጣጠር የሚሰማህ ሰው ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ በ1937 ዓ.ም. እንግሊዝ በጦርነት ላይ ነበረች፣ ሊጉም ቆሞ ነበር። «እ.ኤ.አ.» የሚለው በጽሑፍ ይታያል፣ በጆሮ ግን ያመልጣል።

ሰማያዊው ከቦሌ፦
ከወረደ በኋላ፦ በ1938/39 በሁለተኛ ዲቪዚዮን 5ኛ ሆነ፣ አላደገም። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ሊጉ ተቋረጠ። ሲቲ የተመለሰው ከጦርነቱ በኋላ በ1946/47 የሁለተኛ ዲቪዚዮን ዋንጫን ወስዶ ነው። አንድ ጨዋታ የተሸነፈ ክለብ ዘጠኝ ዓመት ከፈለ። ብሩክም ሆነ ዶኸርቲ ያን ቀን ሲቲ ቤት አልነበሩም፤ ስዊፍት ግን በሩ ላይ ነበር።

ጋሽ ታዴ፦
ለአራት ደቂቃ ከሆነ የተጫዋች ስም ሁለት ይበቃሃል፣ ዶኸርቲና ስዊፍት። ሰባት ለአንዶቹን በአንድ ዓረፍተ ነገር እለፋቸው። የሊድስ ሮዷን ቀን ግን አትንካብኝ፣ ሙሉ ደቂቃ ስጣት። የአርሰናሉን ልጅ ነገር ከተረፈህ ጨምር።

ሊዲያ ሒሳብ፦
አንዲት ነገር ረሳሁ፦ «ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ» እንዳትል። ፕሪሚየር ሊግ የተጀመረው በ1992 በፈረንጅ ነው፣ ያኔ አንደኛ ዲቪዚዮን ነበር። አለቃህ ደግሞ ሰንጠረዡን ካላመነ ድሉን በሁለት አባዛና አቻውን ደምርለት፤ የ22ቱም ክለቦች ነጥብ ሲደመር 924 ይመጣል። 462 ጨዋታ በሁለት ነጥብ ማለት ነው። ከጎደለ ወይም ከበዛ ብቻ ነው ተሳስተሃል ሊልህ የሚችለው።

ሚኪ ዘአዳማ፦
አሁኑኑ ደመርኩት። 924!